የጌም ቤቴ በር ድንጋይ

ሸሕዲ ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ጌም ቤት ከፍቼ ነበር። ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ ማራገቢያ፣ ጥቂት የፕላስቲክ ወንበሮች፣ በሩን ነፋስ እንዳይዘጋብኝ የማስደግፍበት አንድ ድንጋይ። ድንጋዩን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ከእኔ የበለጠ ሥራ ይሠራል።

ደንበኞቼ የከተማው ጎረምሶችና ሳሉጎች ነበሩ። ሳሉግ የምንለው ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃምና ከወሎ ወደ ቆላው የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ነው። ቀጣሪ መጥቶ ወደ ኮኪት ወይም ወደ አብደራፊ እስኪጭነው ድረስ ከፀሐይ የሚሸሸው እኔ ቤት ነበር። አንድ ሕግ ነበረኝ፤ ዱላም፣ ማጭድም፣ ክላሽም ከባንኮኒዬ ሥር ይቀመጣል። ባለመሣሪያው እያጉረመረመ ያስረክበኛል፣ ገብቶ ስክሪኑ ላይ ሰው ይጨፈጭፋል፣ ሲወጣ ክላሹን ተቀብሎና አመስግኖኝ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እውነቱን ልናገርና፣ በተኩሱ ጌም ማንም ተደባድቦብኝ አያውቅም። አይናደዱም አልልም፤ የሚሳደብም ነበር። ወንበሮቼን የሰበረው ግን የኳሱ ጌም ነው። ታዲያ አንድ ቀን የአንድ ባለ ብዙ ትራክተር ልጅ በኳስ ተሸንፎ የጓደኛውን ጥርስ አወለቀ። ከተማው ተንጫጫ፤ ጥፋተኛውም ወዲያው ተገኘ፤ የተኩሱ ጌም። ኳሱ ላይ ደም አይታይማ። የባለትራክተሩን ልጅ ከመቆጣት ቴሌቪዥን መቆጣት ይቀላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው።

«ጌሙ ልጆቻችንን ነፍሰ ገዳይ ሊያደርግብን ነው» እያሉ የሚያዝኑት አልጋ ከመግዛታቸው በፊት ጠመንጃ የገዙ ሰዎች ናቸው። ሠርግ በመጣ ቁጥር ደስታቸውን ወደ ላይ ይተኩሱታል። ክረምት ሲገባ ግማሹ ሰፈር ከየቆርቆሮው ቀዳዳ ሥር ባልዲ ያስቀምጣል። ያንን ጣራ የበሳው ጆይስቲክ አልነበረም።

ለቀጣዩ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተሰብስበው ሊዘጉት ተቃጠሩ። እናት ነኝ፤ ሁለት ሴት ልጆቼን የማሳድገው ከዚያች ቤት ነበርና ፈራሁ። በመጨረሻ ባለ ደሞችን እያስታረቁ ደም ያደርቁ ወደነበሩት ትልቁ ሽማግሌ ሄድኩ። እሳቸው ያሉት አይሻርም።

«አባቴ፣ ሳያዩ አይፍረዱብኝ» አልኳቸው።

መጡ። ክላሻቸውን ከባንኮኒው ሥር ሲያስገቡ ልጃቸውን ለባዳ የሚሰጡ ይመስሉ ነበር። አንድ የወሎ ሳሉግ ጆይስቲኩን አስያዛቸውና፣ እሱ ሌላኛውን ይዞ ተኩሱን ጀመሩ። ገና መሄጃውን ሲፈልጉ ሰውዬያቸው ስክሪኑ ላይ ተዘረረ።

«ማነው የገደለኝ?» አሉ።

ሳሉጉ ከወንበሩ ተነሣ። «እኔ ነኝ አባባ።»

«ከኋላ ነው የመታኸኝ?»

«አዎን አባባ።»

«ወንድ ልጅ ከኋላ አይመታም። ዕርቅ አለብህ።»

እኔ ቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ። ሳሉጉ ግን አልሣቀም፤ የዕርቅ ወግ እያየ ያደገ ልጅ ነው። የቤቴን በር ድንጋይ አነሣና ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ እግራቸው ሥር ተንበረከከ። በሩ ድው ብሎ ተዘጋ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉና ድንጋዩን አስወረዱት። ከዚያ ጆይስቲኩን ጠበቅ አድርገው ይዘው ወደ እኔ ዞሩ። «በይ አንች ልጅ፣ ድገሚልኝ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከኋላ የገደለ ሁሉ ድንጋይ ይሸከም ጀመር። ሁለት ሰው ተኩሶ ሦስተኛው ያስታርቃል። ጨዋታው ግማሹ ዕርቅ ሆነብኝ፤ በሩም ሲከፈትና ሲዘጋ ይውላል። እንደዚያ ያለ ጨዋ ጭፍጨፋ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

እሑድ ደረሰ። ከአንድ የኒም ዛፍ ሥር ወንዶቹ ክላሻቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ስለ ጠበኛ ትውልድ መከሩ። መሬታቸው የሚዋሰን ሁለት ገበሬዎች ነበሩ፤ አንደኛው የዚያ የጥርስ አውላቂው አባት ነው። ሌላኛው ተነሥቶ፣ «ልጅ የሚበላሸው በጌም አይደለም፤ ያባቱ ትራክተር ወሰን ሲገፋ እያየ ነው» አለ። አባትየው አቀባበለ። ያኛውም አቀባበለ። ሁለቱም ጆይስቲክ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ጉባኤው በሙሉ መሬት ላይ ተነጠፈ፤ እኔም ከቀበሌው ሊቀ መንበር ጎን አፈር ቃምሁ።

ቆመው የቀሩት ትልቁ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። በሁለቱ አፈሙዝ መካከል ገብተው፣ «ድንጋይ አምጡ» አሉ። አገራችን ጥቁር አፈር ነው፤ ድንጋይ እንደ ልብ አይገኝም። የወሎው ሳሉግ ሮጦ የእኔን በር ድንጋይ አመጣ። ሁለቱ ገበሬዎች በተራ ተሸከሙት፣ ተቃቀፉ፣ ተላቀሱ። እኔም በዚህ ድንጋይ ዳንኩ ብዬ ልቤ ሞቀ።

ከዚያ የታረቁት ሁለቱ በአንድ አፍ፣ «ስሙ ሲነሣ እንኳ የሚያጋድል ነገር ይዘጋ!» አሉ። እጅ ወጣ። ሰው ሁሉ ወደ ሽማግሌው ዞረ። እሳቸው ገና እንባቸው ያልደረቀውን ሁለቱን ገበሬዎች አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው እጃቸውን አወጡ። ዕርቁ እንዳይፈርስ ብለው እንደሆነ ገብቶኛል፤ ገብቶኝም አንጀቴ አረረ።

በማግሥቱ ቴሌቪዥኖቹን በብርድ ልብስ ስጠቀልል በሩ ተገፋ። ሽማግሌው ናቸው። ክላሻቸው ትከሻቸው ላይ፣ ድንጋዬ ማጅራታቸው ላይ። እንዲህ ጎንበስ ብለው አይቻቸው አላውቅም።

«ከኋላ ነው የመታሁሽ» አሉኝ።

ድንጋይ የተሸከመን ሽማግሌ ማቆም ነውር ነው። እኔ ግን ተቆጥቼ ነበርና ትንሽ አቆምኳቸው። ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ደግፈው ይቅርታዬን ሲጠብቁ ሳይ ቁጣዬ አሳፈረኝና፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ።

«የት ላኑረው?»

«ከቦታው አባቴ። በሩ ያለ እሱ አይቆምም።»

በሩን እስከ መጨረሻው ከፍተው በድንጋዩ አስደገፉት። ሳልጠይቃቸው ክላሻቸውን ከባንኮኒው ሥር አስገቡና በተጠቀለለው ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጡ። መንገደኛው ሁሉ በተከፈተው በር ያያቸዋል።

«ክፈችው» አሉ። «የሚዘጋ ካለ እኔን አስነሥቶ ይዝጋ።»

ማራገቢያውን ወደ እሳቸው አዞርኩላቸው።