ነጥቧ የዘለለቻቸው ማሳዎች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለአንድ የገበሬዎች ማኅበር የመረጃ ሥርዓት ስሠራ፣ ከሁሉ የኮራሁባት ነገር አንዲት አጭር የፍለጋ መስመር ነበረች። መረጃው ጃቫስክሪፕት በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ አንዱ በሌላው ውስጥ ተቀምጧል፤ ቤተሰቡ ውስጥ ማሳዎቹ፣ በየማሳው ውስጥ ደግሞ ሰብሉና የደረሰበት ጉዳት። የቢሮው ሠራተኛ «ቤተሰብ.ማሳ.ጉዳት=በረዶ» ብሎ ከጻፈ ዝርዝሩ ይወጣለታል። ነጥቧ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ታስገባለች።

ባልደረባዬ ገና ስታያት፣ «ማሳው ብዙ ሲሆንስ የትኛውን ያያል?» አለችኝ።

«የመጀመሪያውን።»

«ሌላው ቢመታስ?»

በመስመሯ ላይ ምልክት ሲበዛ ሠራተኛው ይደናገራል ብዬ ተከራከርኳት። እውነቱን ለመናገር መስመሬ እንዳትበላሽብኝ ነው። ድምፄም ከፍ ሳይል አልቀረም። እሷም ተወችኝ።

ነሐሴ ላይ በረዶ ወረደ። ማኅበሩ ማሳቸው ለተመታባቸው ሰዎች የሽምብራ ዘር ለመስጠት ወሰነ፤ ሽምብራ መሬቱ እርጥበቱን ሳይጨርስ ከተዘራ ይደርሳል። ተቀባዮቹን በእኔ መስመር ለዩ፤ ዘሩም ታደለ።

ጥቅምት ሲገባ ከአማኑኤል አካባቢ አንዲት እናት ቢሮ መጡ። «ጤፌን በረዶ ጠርጎ ወሰደው፤ ስምሽ የለም አሉኝ» አሉ። መዝገባቸውን ከፈትኩ። አንደኛ ማሳ ጓሮ፣ በቆሎ፣ ደህና። ሁለተኛ ማሳ ወንዝ ማዶ፣ ጤፍ፣ በረዶ። ሁሉም በትክክል ተጽፏል፤ የእኔ ነጥብ ግን ጓሯቸውን አይታ ተመልሳለች። የገበሬ ልጅ ነኝ። ማሳህን ቁጠር የተባለ ሰው ከጓሮው እንደሚጀምር፣ የዓመት ቀለቡ ግን ራቅ ካለው መሬት እንደሚመጣ እያየሁ ነው ያደግኩት። በጣም አፈርኩ።

እሳቸው እዚያው ተቀምጠው ሳለ «ማሳ.ማንኛውም» እና «ማሳ.ሁሉም» የሚሉ ሁለት አጻጻፎች ጨመርኩ፤ አንደኛው ከማሳዎቹ አንዱ እንኳ ቢመታ፣ ሌላው ሁሉም ሲመቱ ስሙን የሚያወጣ። በመጀመሪያው ስፈልግ ስማቸው ወጣ፤ ከእሳቸው በታችም ሌሎች ብዙ ስሞች። ባልደረባዬ ከኋላዬ ቆማ ስሞቹን አነበበች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እናቴ። አሁን ስምዎ ገብቷል፤ ዘሩን ይወስዳሉ» አልኳቸው።

«መሬቱ እኮ ደርቋል፣ ልጄ» አሉ ሳይቆጡ። ከመጋዘኑ የተሰጣቸውን ከረጢት ግን ተቀበሉ። «ለከርሞ አስቀምጠዋለሁ፤ እስከዚያ ካልበላነው።»