መርማሪዋና የማታምነው ሰርቨር

ስሟን ትተው «መርማሪዋ» ይሏታል። የድርጅቱን ሰርቨር፣ ያ የስንት ሱቅና ትምህርት ቤት ዌብሳይት የሚያድርበትን ኮምፒውተር፣ የምትጠብቅ ሴት ናት። ሥራዋን አሳምራ ታውቃለች። ግን ጉድ እኮ ነው፣ ሴትዮዋ ጥላዋንም ትጠረጥራለች! ወንበሯ ትንሽ ዞር ካለ «ማን ተቀምጦበት ነው?» ብላ ቢሮውን ታምሳለች።

በዚህ ላይ የታናሽ እህቷ ባል ረዳቷ ሆኖ ገባ። በእህቷ ልመና ያስቀጠረችው ራሷ ናት። ሰውየው ሥራው ቶሎ ገባውና ሥራ አስኪያጁ «ጎበዝ ነው» አለ። ይቺ ቃል እንደ እሾህ ወጋቻት። «ወንበሬን ሊወስድ ነው የመጣው» አለች በሆዷ። እጅ ከፍንጅ ልትይዘው ፈልጋ፣ በየዌብሳይቱ ማን ገባ ማን ወጣ የሚመዘግብ ፋይል ለብቻ ለብቻ ከፈተች።

ብዙም ሳይቆይ ሰርቨሩ በጠራራ ፀሐይ ወደቀ፤ ዌብሳይቶቹ ሁሉ አልከፈት አሉ። «አላልኩም!» አለች፤ ስህተቱን ብቻ የሚመዘግብ ሌላ ፋይል በየዌብሳይቱ ጨመረች። ደግሞ ወደቀ፣ ደግሞ ጨመረች። በመጨረሻ የእህቷ ባል ፈራ ተባ እያለ፣ «እትዬ፣ ሰርቨሩ ባንድ ጊዜ ከፍቶ የሚይዘው ፋይል ልክ አለው እኮ፤ ሲያልፍ ይወድቃል። መዝገቦቹን ሁሉ ወደ አንድ ፋይል ብንጠቀልላቸውስ?» አላት።

አሃ! ዱካውን ሊያጠፋ! ደሟ ፈላ። ቀጥ ብላ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባችና፣ «ይሄ ሰው እያለ ሰርቨሩ መውደቁን አይተውም» አለች። ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም። የእህቷ ባል በዚያው ቀን ከሥራ ተሰናበተ። እህቷ ደውላ፣ «ልወልድ ደርሼ? እጄን ይዘሽ ያሳደግሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ? ምን አድርጎሽ ነው?» ብላ አለቀሰች።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሰው ሳይገባ፣ ሰርቨሩ ዳግመኛ ወደቀ። አሁን ማንን ትጠርጥር? የረዳቷ ወንበር ባዶ ነው። ስክሪኑ ላይ «የተከፈቱ ፋይሎች በዝተዋል» ይላል። ከዚህ በፊትም አይታው ነበር፤ የሱ ተንኮል መስሏት አልፋዋለች እንጂ። መዝገቦቹን ሁሉ ወደ አንድ ፋይል ጠቀለለቻቸው፤ የየትኛው ዌብሳይት እንደሆነም በየመስመሩ አስጻፈች። ሰርቨሩ ተነሣ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልወደቀም።

አንጀቷ አልችል አለ። «እሱ ንጹሕ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው። መልሱት» ብላ ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆመች።

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አለ። «እሱ እያለ ይወድቅ ነበር፣ ሲወጣ መውደቁን ተወ። ያልሽውም እንደዚያ ነው።»

«ተሳስቼ ነው ጌታዬ! በፈጠረዎት ይመኑኝ!»

«እህትሽ አለቀሰችብሽ አይደል? ሥጋሽ ነው፣ አልፈርድብሽም» አለና ፈገግታው ጠፋ። «ቆይ ግን... ለዘመድ ብለሽ ስንቱን ሸፍነሽ ኖሯል?»

ብትምል ብትገዘት ማን ይስማት! «አንቺም ሂጂ» ብሎ በሩን አሳያት።

ደጅ እህቷና የእህቷ ባል ቆመው ይጠብቃሉ። «ዛሬ ወደ ሥራው ይመለሳል» ብላ የጠራቻቸው ራሷ መርማሪዋ ናት።