ሦስተኛው ጦረኛ እንዴት እንደወደቀ

በደርግ ጊዜ፣ ባሕር ዳር ውስጥ እሠራበት የነበረው የጨርቅ ፋብሪካ የኪነት ቡድን ነበረው። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ፊደልን ከጣቃ ማሸጊያ ላይ ራሴ ለቅሜ ነው የተማርሁ። በቡድኑ ውስጥ ከእኔ የተሻለ ተዋናይ እንደሌለ አውቅ ነበር። የተሰጠኝ ሥራ ግን መጋረጃ መሳብ ነው።

አንድ ዓመት አዘጋጃችን፣ ከአዲስ አበባ የመጣ መምህር፣ ከጣና ሥር ስላለ የውኃ መንግሥትና ከደመና ስለሚወርዱ ጠላቶቹ ተውኔት ጻፈ። ሰው ስላነሰው ለእኔም ሚና ደረሰኝ፤ ሦስተኛው ጦረኛ።

«ሦስት እርምጃ ትሄዳለህ፤ ትወጋለህ፤ ትወድቃለህ፤ ጎትተው ያወጡሃል» አለኝ።

«ምን እላለሁ?»

«ምንም። የምትሞተው ንጉሡ እንዲቆጣ ነው።»

«ጓድ፣ በዝምታ ለሞተ ማን ይቆጣል?»

«አንድ ቃል ብትተነፍስ ወደ መጋረጃህ ትመለሳለህ።»

ሰውዬው ጎጃምን አያውቅም። እዚህ አገር ሳይፎክር የሚወድቅ ጦረኛ የለም።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ጣና ዳር ሣሩ ላይ ስወድቅ ሰነበትሁ፤ በጀርባ፣ በጉልበት፣ በጎን። ከሁሉም በጎን መውደቅ ይሻላል፤ ፊት ለተመልካች ይታያል። ባልደረቦቼ፣ «ለመውደቅም ልምምድ አለው? እኛ በጠላ በየቅዳሜው እንወድቅ የለም እንዴ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔ ተነሥቼ እንደገና እወድቅ ነበር።

በዕለቱ አዳራሹ ጢም ብሏል። ሦስቱን እርምጃ ሄድሁ፤ ተወጋሁ፤ ዝም ብሎ መሞት ግን እንቢ አለኝ።

«ዘራፍ፤ የባሕሩ ልጅ፣ የማዕበሉ ወንድም፣
ጥሎ ይሞታል እንጂ ሮጦ አይሞትም።»

ወደቅሁ። የጠላት ወታደር የሆነው የፈትል ክፍል ሠራተኛ እግሬን ይዞ መጎተት ሲጀምር፣ ከዘጌ በታንኳ የመጡ፣ ቲያትር አይተው የማያውቁ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው መድረኩ ላይ ወጡ። ፎክሮ የወደቀን ጎበዝ ሬሳ ለጠላት መተው በእኛ ዘንድ ውርደት ነው።

«እግሩን ልቀቅ» አሉት።

«አባቴ፣ ቲያትር እኮ ነው።»

«ይሁን። ልቀቅ።»

ለቀቀ። አዘጋጁ ከመጋረጃው ጀርባ፣ «ተነሥተህ ውጣ» እያለ ቢያንሾካሹክም ዓይኔን አልገለጥሁም። የሞተ ሰው ትእዛዝ አይቀበልም። አራት ሰዎች ከተመልካቹ መካከል ተነሥተው በትከሻቸው ተሸከሙኝና እየፎከሩ አዳራሹን አዞሩኝ፤ ሴቶቹም መጀመሪያ አለቀሱ፣ ኋላ እልል አሉ። የንጉሡን የቁጣ ንግግር የሰማ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ አዘጋጁ ጠራኝ። የመጋረጃውን ገመድ ለሌላ ሰው ሰጥቶት ነበር።

«ፉከራዋ እንዳለች ትቆይ» አለኝ፤ «ሬሳህን የሚያነሡ አራት ተዋንያን ጨምረናል።»

ሐሙሲትም ማክሰኝትም ዞረን አሳየን። እነዚያ አራቱ አንድ ቀን እንኳ አልነኩኝም፤ በሄድንበት ሁሉ ሕዝቡ ቀደማቸው።