የሚደርቅ ግጥም

በ1968 ዓ.ም. አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ጋይንት ላይ መንገድ ከሚሠሩት ቻይናዎች አንዱ፣ ሸበቶ ሰውዬ፣ በምሳ ሰዓት ብሩሽ ውሃ ውስጥ እየነከረ ድንጋይ ላይ ግጥም ይጽፋል። ፀሐይ ወዲያው ትልሰዋለች።

«ግጥሙ የት ሄደ?» አልኩ።

ሸበቶው ሳቀ። «ወደ መጣበት ነው የሚልህ» አለ አስተርጓሚው። «ዳኦ የሚሉት የጥንት እምነት አላቸው፤ እንደ ውሃ ሁን ይላል፤ ግጥማቸውም ከዚያ ይቀዳል።»

አባቴ ጆሮዬን ይዞ ጎተተኝ። «ለሚጠፋ ጽሕፈት ትገተራለህ! ከዚህ እብድ ጋር ሁለተኛ እንዳላይህ!»

ትናንት፣ እዚህ አሜሪካ፣ ሪቻርድሰን ከተማ መናፈሻ ውስጥ አንድ የቻይና ሽማግሌ ሲሚንቶ ላይ እንዲሁ በውሃ ሲጽፍ አይቼ ቆምኩ።

«አባባ፣ እንሂድ! ይደርቃል እኮ፣ ሶ ምን ይጠቅማል?» አለች ልጄ፣ ቁርጥ አባቴን።

«ይድረቃ! አንቺን ምን ቸገረሽ?»

ዛሬ ማለዳ ባልዲና ብሩሽ ይዤ፣ ደጃችን ሲሚንቶ ላይ፣ በተጣመመ ፊደሌ የአባቴን ስም ጻፍኩ። ሲደርቅ ደግሜ ጻፍኩት።