ጠዋፍ ነው የተባለው የቻይና ስፖርት

ዛሬ ዓርብ ከሰዓት፣ ጅዳ ሳፋ ሰፈር ውስጥ አሥራ አንድ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች በአንድ የፕላስቲክ ወንበር ዙሪያ ሲዞሩ ነበር።

የሚያዞራቸው ራሱን «ማስተር» ብሎ የሾመ የሀገራችን ሰው ነው። ስፖርቱ ባጓ ይባላል። «ቻይናዎች ከጠዋፍ የቀዱት ነው፤ የጉልበት ሕመም ያድናል» አላቸው።

ባጓ የታወቀው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ቤጂንግ ውስጥ ነው። የሙሉ ስሙ ትርጉም «የስምንቱ ምልክቶች መዳፍ» ነው። ክብ እየሠሩ መራመዱ ከቻይና የዳኦ እምነት መነኮሳት እንደመጣ ይነገራል እንጂ መካ ላይ ካዕባን ከሚዞሩበት ከጠዋፍ አልተቀዳም። ማስተሩ ይህን ለማንበብ ጊዜ አላገኘም፤ የሐር ልብስ ለብሶ ፎቶ ለመነሳት ግን አግኝቷል።

መካ ሩሰይፋ ሰፈር ስድስት ዓመት የሠራችው የወሎዋ ዘይነባ ጉልበቷን ይዛ ቆመች።

«ወንድሜ፣ ቅድም ወደ ግራ አዞርከን፣ አሁን ወደ ቀኝ። ካዕባን በቀኝ አድርጎ የሚዞር የት አየህ?»

«እሱ... ከፍ ያለው ደረጃ ነው።»

«ወላሂ፣ ያንተስ ደረጃ ታውቋል። ኸላስ፣ በቃ!»

ሴቶቹ ሳቁ። ዘይነባ ግን አልሳቀችም፤ በእሱ ምክር የእሑዱን የሐኪም ቀጠሮዋን ትታ፣ አሠሪ ማዳሟን «አልሄድም» ብላት ነበር።

እናንተስ እንዲህ ያለ አዋቂ ገጥሟችኋል? ጻፉልኝ።

ዘይነባ እሑድ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ፈቃድ እንደገና ጠይቃለች። ማዳሟ ነገ ትመልስላታለች።