የዘርአ ዳዊት ጉንጭ

ዘርፈሽዋል የሰላ ድንጋዩ መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ሚስት ነበረች። በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. በዐቢይ ጾም፣ የሦስት ዓመት ልጇን ዘርአ ዳዊትን አዝላ በወጣች ቁጥር ጉንጩን የማይነካ አልነበረም።

«የካህን ልጅ እኮ ነው፤ ከእኛ ጋር ይጾማል። እዩት ደግሞ እንዴት እንደወፈረ!» ትላለች።

የጎረቤቷ የአልታየች ልጅ ቀጭን ነበር። «ጾሙን ሁሉ ወተት እየጠጣ ምነው አጥንቱ ብቻ ቀረ?» ብላ ዘርፈሽዋል በሰው ፊት ሳቀችበት። አልታየች ልጇን አቅፋ ሄደች።

የዘርፈሽዋል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ንጋቷ ግን ወንድሟ መሮጥ መተዉን አይታለች። «እማዬ፣ እግሩን ስጫነው ይሰረጉዳል» አለቻት።

«ሥጋ ስላለው ነው! አንቺ ሟርተኛ!»

ሆሳዕና ሲቃረብ ፈንጣጣ የሚከትብ ድሬሰር ከደብረ ብርሃን መጣ። ዘርፈሽዋል እናቶቹን ሁሉ አልፋ ፊት ቆመች። ድሬሰሩ የልጁን ክንድ ሊይዝ ሲል እግሩን አየና በአውራ ጣቱ ተጫነው። ጣቱን ሲያነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ።

«ምን ትመግቢዋለሽ?»

«እንጀራ በድልህ። እሱንም እያባበልኩት ነው።»

«እህቴ፣ ይሄ ውፍረት አይደለም፤ እብጠት ነው። ምግብ አጥቶ ነው። ወተትና እንቁላል ካላገኘ አይተርፍልሽም።»

ዘርፈሽዋል ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

መሪጌታ ሲሰሙ አልተቆጡም። «ሕፃን ጹም ያለው ማን አለ? እኔም ሲያመሰግኑት ደስ እያለኝ ዝም አልኩ» ብለው አንገታቸውን ደፉ።

ላማቸው ነጥፋ ነበርና ወተት የሚገኘው አልታየች ቤት ብቻ ነው። ዘርፈሽዋል ቅል ይዛ ደጃፏ ላይ ቆመች።

«አልታየች፣ ያን ቀን የተናገርኩት...»

«ቅሉን አምጪው» አለች አልታየች፣ ሞልታም ሰጠቻት።

እብጠቱ ሲጎድል የልጁ ጎድን ተቆጠረ። አሁን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሴቶች «ልጇን ታስርባለች» እያሉ ተንሾካሾኩ። እሷም እየሰማች አዝላው ተመላለሰች። ሰኔ ላይ ዘርአ ዳዊት መሮጥ ጀመረ።

ንጋቷን ግን ይቅርታ ሳትጠይቃት ቀረች። ልጅን ይቅርታ መጠየቅ እንዴት እንደሚጀመር አታውቅም። ምሳ ባቀረበች ቁጥር ከራሷ ድርሻ እየቆረሰች ወደ ልጅቷ ትገፋለች። ንጋቷ «በቃኝ እማዬ» ስትላት፣ ቀና ብላ ሳታያት ትጨምርላታለች።