ዋጋዋን የተናገረችው ተጫራች

ባለፈው ሳምንት፣ እዚሁ ሞጣ፣ ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የሽምብራ ቆሎዬን ስቆረጥም ሰዓዳ መጣች። ሰዓዳ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ተደራጅታ ልብስ የምትሰፋ የጎረቤቴ ልጅ ናት። በብብቷ ወፍራም ወረቀት ይዛለች።

«ጋሼ፣ ይቺን የጨረታ ሰነድ ይመልከቱልኝ። ጨረታ የሚያውቅ ሰው ከፈለግሽ እሳቸው ጋ ሂጂ ብለውኝ ነው» አለችኝ።

የጥበቃ ሠራተኞች የደንብ ልብስ ስፌት ነው። እያገላበጥኩ ዋጋ የተሞላበት ገጽ ላይ ስደርስ እጇን ዘርግታ በመዳፏ ሸፈነችው። ሳቄ አመለጠኝ። ልጅቱ ተቀየመች መሰለኝ፣ «ምን ያስቅዎታል? ዋጋ ለማንም አይታይም ተብያለሁ» አለች። እውነቷን ነው። እኔም በወጣትነቴ ይህንኑ ነበር የማስተምረው። እንዲያውም «ጨረታ የሚያውቅ ሰው» የሚለው ስሜ የወጣው በአንዲት ዋጋዋን በተናገረች ሴት ምክንያት ነው። ነገሩን ሙሉውን ለሰው ነግሬ አላውቅም፤ የምነግረው ሁሌም ግማሹን ነው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ጨርሼ የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት ቢቸና ነው። ከሞጣ ቢቸና ዛሬ ቅርብ ነው፤ ያን ጊዜ ግን መንገዱ ኮረኮንች ስለነበር በደብረ ወርቅ በኩል አቧራ ስቅም ሄጄ ስደርስ ቅንድቤ ሳይቀር ነጭ ሆኖ የቤት አከራዬ ከወፍጮ ቤት የመጣሁ መስሏቸው ነበር። ሥራዬ ጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራትን መደገፍ፣ በተለይም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በሚያወጡት ጨረታ እንዲያሸንፉ ማገዝ ነው። የሦስት ቀን ሥልጠና ወስጄ፣ አዲስ ደብተር ይዤ መጣሁ። ሦስት ቀን የሠለጠነ ሰው የሠላሳ ዓመት ልምድ ያለው ይመስለዋል፤ እኔማ ጭራሽ ብሶብኝ ነበር።

ከማኅበራቱ ሁሉ የምቀርበው የይታይሽን ነበር። አምስት አናጢዎች ናቸው፤ ይታይሽ ሰብሳቢያቸው። ዕድሜዋ ወደ ሠላሳ የሚጠጋ፣ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ፣ መላጊያ ስትይዝ ወንዶቹ ቆመው የሚያይዋት ሴት ነበረች። ችግራቸው ሥራ አለመኖሩ ነው። ከተማው የሰጣቸው የቆርቆሮ ሼድ እስከ ጳጉሜን ድረስ ሥራ ካልታየበት ለሌላ ወረፋ ጠባቂ እንደሚሰጥ በደብዳቤ ተነግሯቸዋል። ሼዱ ከተወሰደ ማኅበሩ አለቀለት። ከወንዶቹ ሁለቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ለመውረድ ተነጋግረው ጨርሰዋል። ይታይሽም ልጆቿን ይዛ አባቷ ዘንድ ገጠር ከመመለስ በቀር ምርጫ አልነበራትም።

ሐምሌ ሲገባ ጨረታው ወጣ። አንድ የገጠር ቀበሌ አዲስ ትምህርት ቤት ተሠርቶለት ሰማንያ ዴስክ ተፈለገ፤ መስከረም ላይ ተማሪ ከመግባቱ በፊት የሚደርስ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሰነዱን ገጽ በገጽ እየጮህኩ አነበብኩላቸው። ዋናውና ኮፒው በየፖስታው ይሁን አልኩ፤ በየገጹ ፊርማና ማኅተም ይረፍ አልኩ፤ የዋስትናውን ደብዳቤ ከቢሮዬ ራሴ አጻፍኩ። የጣውላውን፣ የምስማሩን፣ የቫርኒሹንና የእጃቸውን ደምረን ዋጋ አወጣን። በመጨረሻም ጣቴን አንስቼ አስጠነቀቅኳቸው።

«ዋጋ ምሥጢር ነው። ለነፍስ አባታችሁ እንኳ እንዳትነግሩ።»

«የነፍስ አባቴ ዴስክ አይሠሩ፣ ምን ይረባቸዋል?» አለች ይታይሽ፤ ሁሉም ሳቁ። ፖስታውን በሻማ ሰም አሸግኩት። በዚያች ሰም የኮራሁትን ያህል በዲግሪዬም አልኮራሁ።

የጨረታው ሳጥን ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እኩለ ቀን ገደማ ሼዱ ውስጥ ከአራቱ ጋር ተቀምጬ ሳለሁ ይታይሽ ነጠላዋ በዝናብ ርሶ ገባች።

«የት ነበርሽ?»

«አያ አድማሱ ዘንድ።»

አያ አድማሱ የቢቸና ትልቁ አናጢ ናቸው። የትምህርት ቤቶቹን ዴስክ ለዓመታት የሠሩት እሳቸው ነበሩ፤ በዚህኛውም ጨረታ እንደሚገቡ ሰው ሁሉ ያውቃል። ይታይሽን በልጅነቷ ሙያውን ያስያዟትም እሳቸው ናቸው።

«ምን ልትሠሪ ሄድሽ?» አልኳት።

«ልነግራቸው ነዋ። እርስዎ በሚገቡበት ጨረታ እኔም ልገባ ነውና ቅር እንዳይልዎት፣ ይመርቁኝ አልኳቸው። ያስተማረህን ሰው እንጀራ በጓሮ ዞረህ አትነካም፤ በፊት ለፊት ነግረህ ነው።»

«መረቁሽ?»

«መረቁኝ። ዋጋሽ ስንት ነው ብለው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። «ነገርኳቸው?! አንቺ ሴትዮ፣ ጨረታ እኮ ነው! ሠርግ ልትጠሪያቸው የሄድሽ መሰለሽ? ጉድ ሠራሽን! ነገ ከአንቺ ዝቅ ያለች ዋጋ ጽፈው ሲወስዱት ምርቃቱን ጠርበሽ ትሸጪዋለሽ! ለአንቺ ከማስተምር ለዚህ ቆርቆሮ ባስተምር ይሻለኝ ነበር!» አልኩ። ሌላም ተናግሬያለሁ፤ ዛሬ ልጽፈው አፍራለሁ። አራቱ አንገታቸውን ደፍተዋል። እሷ ነጠላዋን እየጨመቀች በእርጋታ ሰማችኝ።

«ጨረስክ?» አለችኝ።

«አልጨረስኩም!»

«እሺ፣ ስትጨርስ እሳቸው ያሉትን እነግርሃለሁ።»

ዝም ስል ነገረችኝ። አያ አድማሱ ዋጋውን ሰምተው፣ «ማድረሻውን የት አስገባሽው?» አሏት። «የምን ማድረሻ?» ብትላቸው፣ «ዕቃው ትምህርት ቤቱ ግቢ ድረስ ይቅረብ ይላል። በነሐሴ፣ በዚያ ዋልካ ጭቃ፣ መኪናሽ ወንዙ ሳይደርስ ይሰምጣል። ሰማንያ ዴስክ ማን ይሸከምልሻል ልጄ?» አሏት። ልትወጣ ስትል ደግሞ ጠርተው፣ «ሂጂና አስተካክዪ። አዲሱን ዋጋ ግን እንዳትነግሪኝ፤ እኔም እኮ መብላት አለብኝ» ብለው ሸኟት።

ሰነዱን አንስቼ አገላበጥኩ። አለ። «በትምህርት ቤቱ ቅጥር ግቢ የሚያስረክብ» ይላል። ራሴ ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ፤ ጎኑ ላይ የራይት ምልክት ያደረግኩትም እኔ ነኝ። የከተማ ልጅ ነኝና መኪና የማይገባበት ትምህርት ቤት በሐሳቤ አልነበረም። በዚያ ዋጋ ቢያሸንፉ ኖሮ ዴስኩን ሠርተው ማድረሻ ያጡ ነበር፤ ውላቸውን አፍርሰው ከጨረታ ይታገዱ፣ ሼዱንም ይነጠቁ ነበር። የሚያጠፋቸው መሸነፍ ሳይሆን ማሸነፍ ነበር፤ ያን ማሸነፍ ያዘጋጀሁላቸው ደግሞ እኔ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ይቅርታ መጠየቅ ሲገባኝ ግን ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «እንግዲህ መንገዱን ማየት አለብን» አልኩ፣ ሐሳቡ የእኔ ይመስል።

በማግስቱ ማለዳ ከይታይሽ ጋር በእግር ወጣን። ሁለት ሰዓት ያስኬዳል ተብሎ ነበር፤ ለእኔ አራት ሆነብኝ። ጤፍ ሊዘራበት የለሰለሰው ጥቁር መሬት እንደ ሊጥ ነው፤ እግርህን ያስገባል እንጂ አያስወጣም። የቆዳ ጫማዬን አንዱን እዚያው ቀበርኩት። ይታይሽ በኮንጎ ጫማዋ እየቀደመችኝ፣ «ባለሙያው፣ ይህን በሥልጠናው ላይ አላሳዩህም?» ትለኛለች። ወንዙ አጠገብ ዝናቡ ሲበረታብን አንዲት እናት ቤታቸው አስጠልለው ትኩስ የድንች ቅቅል ከሚጥሚጣ ጋር አቀረቡልን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤት በልቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ድንች ግን አልገጠመኝም።

ወንዙን የምታሻግረው ከግንድ የተሠራች ጠባብ ድልድይ ናት። ዝናቡ ሲያባራ አንድ ሰውዬ ቤት መሥሪያ አጣና በአህያ ጭነው ሲያሻግሩ አየን። ይታይሽ ቆመች። አህያዋ ማዶ እስክትደርስ ዓይኗን አልነቀለችም።

«ዴስክ በአህያ አይጫንም» አልኳት።

«የተገጠመ ዴስክ አይጫንም። ጣውላ ግን ይጫናል» አለች። «ቢቸና ላይ ለክተን፣ ቆርጠን፣ በስተን እንጨርሰው። በየዴስኩ አስረን እናምጣውና ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ እንግጠመው።» ወዲያው ሰውየውን ተከትላ የአህያ ኪራይ መደራደር ጀመረች። እኔ ባለ አንድ ጫማው ቆሜ አያለሁ።

ሳጥኑ በሚዘጋበት ቀን ጠዋት የኮራሁባትን ሰም ሰብረን ዋጋውን እንደገና ሞላን፣ በየገጹ እንደገና ማኅተም መታን። ሳጥኑ የሚዘጋው ከቀኑ በስምንት ሰዓት ነው፤ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲል ፖስታችን ገባ።

ፖስታዎቹ ሲከፈቱ ተጫራቾቹ ሦስት ነበሩ። የመጀመሪያው የፊርማ ጉድለት ተገኝቶበት ወደቀ። የአያ አድማሱ ዋጋ ተነበበ። ቀጥሎ የእነ ይታይሽ፤ ዝቅ ያለ ነው። አያ አድማሱ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዞር አሉ።

«ማድረሻውን አስገብተሻል?»

«አስገብቻለሁ፣ አያ።»

«በዚህ ዋጋ? እኔ የሸክም ሰው ብቻ ይህን ያህል አስቤ!»

«ሳልገጥም ነው የምወስደው። በአህያ።»

ትንሽ አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «የተማረ ይግደለኝ!» አሉ፤ ቃለ ጉባኤው እስኪፈረም ሳይጠብቁ ወጡ። ቅዱስ ነበሩ ለማለት አልደፍርም። በዚያ ክረምት አንዱን ሠራተኛቸውን ለማሰናበት ተገደዋል፤ ለአንድ ወር ያህልም ይታይሽን ሲያዩ መንገድ ይቀይሩ ነበር። ሰው ናቸዋ፣ ከፍቷቸዋል። ለእንቁጣጣሽ ቤታቸው ሄዳ ጉልበታቸውን ስማ ታረቁ።

ዴስኮቹ የሄዱት በፍልሰታ ጾም ነው። አህዮቹ በጭቃው ውስጥ ተሰልፈው፣ በየጀርባቸው ቁጥር የተጻፈበት ጣውላ። አምስቱ በትምህርት ቤቱ ግቢ ሲገጥሙ ሰነበቱ፤ እኔም ላግዝ ብዬ አውራ ጣቴን በመዶሻ አነኮትኩ። ከቅዳሴ በኋላ የቀበሌው ሴቶች ሱፍ ፍትፍት ያመጡልን ነበር። የመጨረሻው ዴስክ ሲቆም ይታይሽ ተቀመጠችበትና አለቀሰች። «ሼዱ ተረፈ» አለች።

እስከዚህ ያለውን ለብዙ ሰው ተርኬዋለሁ። አያ አድማሱ የጠየቁትን ጥያቄ ግን ሁሌ እዘልለው ነበር። በመስከረም የጻፍኩት ሪፖርት፣ «በባለሙያው ጥብቅ ክትትል የማጓጓዣ ችግሩ አስቀድሞ ተለይቶ» ይላል። ባለሙያው እኔ ነኝ። በስብሰባ ተነበበ፣ ተጨበጨበ፣ የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ። ብዙም ሳይቆይ በዕድገት ወደ አገሬ ወደ ሞጣ ተዛወርኩ። ይታይሽ ሪፖርቱን ሰምታለች፤ አንድ ቀን እንኳ አላነሳችብኝም። ብታነሳብኝ ይሻለኝ ነበር።

አያ አድማሱ ሲያርፉ ለቅሶ ለመድረስ ሄጄ ነበር። ከጎኔ የተቀመጠ ሰው፣ «በምን ታውቃቸዋለህ?» አለኝ። «በሥራ» አልኩት። በድንኳኑ ውስጥ ያን ሁሉ ሰው እያየሁ፣ እሳቸው በጠየቁት ጥያቄ በራሴ ስም እንጀራ ስበላ መኖሬን ለአንድ ሰው እንኳ መናገር አቃተኝ። ሌብነት የሰው ኪስ መግባት ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል።

ሰዓዳን ወንበር ስቤ አስቀመጥኳት። ዋጋዋን ማየት እንደማልፈልግ ነገርኳት።

«ሰነዱ በየሠራተኛው ልክ ይሰፋ ይላል። ጥበቃዎቹ የት ነው ያሉት? ልካቸውን የምትወስጂው የት ድረስ ሄደሽ ነው?» አልኳት።

ልጅቱ ወረቀቱን ወስዳ ገለጠች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ቀበሌዎቹን ቆጠረች። አንዳንዱ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። «አላሰብኩትም» አለች ፈዛ። «በዚህ ዋጋ ባሸንፍ ኖሮ… ጋሼ፣ ይህን ማን አስተማረዎት? አለቃዎ ነበሩ?»

ግማሹን የመናገር ልማዴ እስከ ምላሴ ጫፍ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት።

«አይደሉም» አልኳት። «አያ አድማሱ የሚባሉ የቢቸና አናጢ ናቸው። በጨረታው የተሸነፉት።»